የቮልስዋገኔን ክሮም እንዴት እንዳጸዳሁ፣ በመሐልም ምን እንዳበላሸሁ

አባቴ በ1967 ዓ.ም. ከሌላ ሰው እጅ ገዝቷት ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ የነዳት ቮልስዋገን፣ ከ2009 ዓ.ም. እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ግቢያችን ውስጥ ከባሕር ዛፍ ሥር ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ሸራውን ያለበስኳት እኔ ራሴ ነኝ፤ ከዝናብና ከወፍ ኩስ እጠብቃታለሁ ብዬ ነበር። አራት ክረምት አልፎ ሸራውን ስገልጠው ቀለሟ ብዙም አልተለወጠም፤ ፓራውልቶቹ፣ የፊት መብራቶቹ ቀለበቶችና የቸርኬ ክዳኖቹ ግን ቀይ ጤፍ የተበተነባቸው እስኪመስሉ ድረስ በዝገት ነጠብጣብ ተሸፍነው አገኘኋቸው። ሸራው ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ቢከለክልም፣ ከመሬት የሚነሣውን እርጥበት ከሥሩ አፍኖ ይዞት ኖሯል።

ያንን ዝገት ለማስለቀቅ ስድስት ቅዳሜዎች ፈጅተውብኛል፤ ከስድስቱ ሁለቱ ያለፉት በማበላሸት ነው። አሮጌ መኪና ያላቸው ወዳጆቼ በምን እንዳጸዳሁት ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ የተሳካልኝንም ያልተሳካልኝንም እዚህ በዝርዝር አሰፍራለሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጥፋት ከችኮላ የመጣ ነበር። ቤት ውስጥ ለመጸዳጃ ቤት ማጽጃ የሚሸጥ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ነበረን። የሽንት ቤቱን ዝገት በደቂቃ ሲያነሣ ስላየሁ፣ አንዱን የቸርኬ ክዳን ፈትቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩና በላዩ አፈሰስኩት። ፈሳሹ አረፋ እየደፈቀ ዝገቱን ሲበላው ሳይ በጣም ደስ አለኝ፤ ነገሩ ቀላል ነው፣ ሌሎቹንም ዛሬውኑ እጨርሳለሁ ብዬ አሰብኩ። በውኃ አጥቤ ሳደርቀው ግን ፈሳሹ የነካው ቦታ ከሌላው ተለይቶ ወደ ቢጫነት ያደላ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይዞ ቀረ። ያን ቀን ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። የቆሸሸ መስሎኝ ደጋግሜ ብጠርገውም ምንም አልተለወጠም፤ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ክሮሙንም አብሬ አንሥቼው ኖሯል። የማየው ቢጫማ ነገር ከክሮሙ ሥር ያለው ኒኬል ነበር።

ለዚህ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይኸው ነው። ክሮም ብለን የምንጠራው ፓራውልት በእርግጥ ከክሮም የተሠራ አይደለም። ውስጡ ብረት ነው፤ በብረቱ ላይ ኒኬል፣ ብዙ ጊዜም ከኒኬሉ በፊት መዳብ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ይለበጣል። ክሮሙ ከሁሉም በላይ የሚመጣ ስስ ሽፋን ሲሆን ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ፣ ያነሰ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን የሚጠጋ መሆኑን ሳስብ፣ በአሲድ የተጫወትኩት በምን ላይ እንደ ነበር ይገባኛል። የብልጭታው ጥልቀት በአብዛኛው የሚመጣው ከሥር ካለው ኒኬል ነው፤ ክሮሙ የሚጨምርለት ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ነጭ መልክና ያለመደብዘዝን ባሕርይ ነው። ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት መኪኖች በኒኬል ብቻ ይለበጡ ስለነበር ባለቤቶቻቸው በየጊዜው መወልወል ነበረባቸው፤ ክሮም ሲመጣ ያ ድካም ቀረ።

ክሮም በራሱ አይዝግም። ነገር ግን ሽፋኑ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችና ስንጥቆች ስላሉበት ውኃና አየር በእነርሱ በኩል እየሰረጉ ወደ ብረቱ ይደርሳሉ። ኒኬልና ብረት እርጥበት ባለበት ሲገናኙ ደግሞ የሚበላው ብረቱ ነው። ስለዚህ ከላይ የምናያት የጤፍ ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ ከሥሯ ሰፋ ያለ ጉድጓድ ሊኖራት ይችላል። ዝገቱን ማንሣት ይቻላል፤ የተበላውን ብረት መመለስ ግን በማንኛውም ቅባትና ውልወላ አይቻልም። ይህን የተረዳ ሰው የት ላይ ማቆም እንዳለበትም ያውቃል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ያጠፋሁትን የነገሩኝ በሠፈራችን ለብዙ ዓመታት ቦዲ ሲሠሩ የኖሩ አዛውንት ናቸው። እኔ በመኪናዋ ጎን ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጋውን የሚያብረቀርቅ ጌጥ በብረት መወልወያ ቅባት ስፈትግ በአጥር በኩል አዩኝና ገብተው አጠገቤ ቆሙ። ጨርቄ ከሰል የነካ ይመስል ጠቁሯል፤ እኔ ግን የጠቆረው ቆሻሻው እየለቀቀልኝ ነው ብዬ ይበልጥ እፈትግ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ።

«ክሮሙን እየወለወልኩ ነው ጋሼ።»

«ይኼ የትኛው ክሮም ነው? ይኼማ አሉሚኒየም ነው። ልብሱን ገፈህ ጨርሰኸዋል።»

እውነታቸውን ነበር። በቮልስዋገን ጎንና በመስኮቶቿ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን ጌጦች አሉሚኒየም ናቸው፤ ላያቸውም በፋብሪካ በኤሌክትሪክ በተፈጠረ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን የተጠበቀ ነው። የሚፋቅ ቅባት ያንን ሽፋን ሲያነሣው እርቃኑን የቀረው አሉሚኒየም ጨርቁን ያለማቋረጥ ያጠቁረዋል፤ ለጊዜው ቢያበራም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይደበዝዛል። ጤነኛ ክሮም ላይ ሲሆን ግን ቆሻሻውና ዝገቱ ካለቀ በኋላ ጨርቁ እምብዛም አይጠቁርም። ከዚያን ቀን ወዲህ የጎን ጌጦቹን በሳሙና ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው የማጸዳቸው፤ የፋቅሁትን ክፍል ግን በየጥቂት ወሩ እየወለወልኩ ሰም ለመቀባት ተገድጃለሁ።

አዛውንቱ በማግሥቱ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት ይዘውልኝ መጡ፤ ጭረት እንዳታወጣም በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለዋታል። ማግኔቷ በፓራውልቶቹ፣ በመብራት ቀለበቶቹና በቸርኬ ክዳኖቹ ላይ ተጣበቀች፤ እነዚህ ክሮም የለበሱ ብረቶች ናቸው። በጎን ጌጦቹ ላይ አልተጣበቀችም። በበር እጀታዎቹም ላይ አልተጣበቀችም፤ እጀታዎቹ ግን ክሮም ለብሰዋል። ይህ ግራ ሲያጋባኝ፣ እጀታ ከብረት ሳይሆን ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ የዚንክ ቅይጥ እንደሚሠራ አስረዱኝ። ዚንክ ሲበላሽ እንደ ብረት ቡናማ አይሆንም፤ ከክሮሙ ሥር እያበጠ ብጉር የመሰለ ነገር ያወጣል፣ ብጉሩም ሲፈነዳ ነጣ ያለ ዱቄት ይታይበታል። እንዲህ ያለውን ብጉር መፈተግ ማስፋት ብቻ ነው። በሌሎች አሮጌ መኪኖች ላይ ደግሞ ጌጡ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ማግኔት በአንዳንዱ ዓይነት ላይ ስለሚጣበቅና በሌላው ላይ ስለማይጣበቅ፣ ማግኔት ብቻውን ሙሉ መልስ አይሰጥም።

ከዚህ በኋላ ነው ሥራው መሥመር የያዘው። በመጀመሪያ እጥበቱን በጥላ ሥር፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ አደረግሁት። ፀሐይ ላይ የዋለ ፓራውልት ውኃውንና ሳሙናውን ወዲያው ስለሚያደርቀው ነጭ የውኃ ምልክት ይተዋል። ለመኪና የተዘጋጀ ሻምፖ ካልተገኘ ጥቂት ላርጎ በባልዲ ውኃ ውስጥ ይበቃል። አስቀድሞ ብዙ ንጹሕ ውኃ በማፍሰስ አቧራውንና አሸዋውን ማውረድ ያስፈልጋል፤ የአዲስ አበባ አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ነውና በደረቁ በጨርቅ መጥረግ ጭረት ይፈጥራል። ለጠርዞቹና ለቡሎኖቹ ዙሪያ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ተጠቀምኩ። የአስፋልት ሬንጅ የተጣበቀበትን ቦታ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ አለስልሼ አነሣሁና እንደገና በሳሙና አጠብኩት። ከቧንቧችን ውኃ የቀሩትን ነጫጭ ክቦች ያነሣሁት አቼቶን ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅዬ በጨርቅ በመቀባትና ከሁለት ደቂቃ በላይ ሳላቆይ በማጠብ ነው።

ዝገቱን ያነሣልኝ ከኩሽና የወሰድኩት የአሉሚኒየም ፎይል ነው። መጀመሪያ ስሰማው ተረት መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱን ሳውቅ ግን አመንኩ። አሉሚኒየም ከክሮም እጅግ የለሰለሰ ስለሆነ ጤነኛውን ክሮም ሳይጭር ከላዩ የተቀመጠውን ዝገት መቧጨር ይችላል። የመዳፍ ግማሽ የምታህል ፎይል ቀድጄ ጭብጥ ሳላደርጋት ላላ አድርጌ አጨማደድኳት፣ ውኃ ነከርኩና ከመዳፌ የማይበልጥ ቦታ ብቻ መርጬ በቀስታ አሸሁ። ጉልበት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነ የሆነ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ቡናማ ጭቃ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ያ ጭቃ በውስጡ የዝገት ቅንጣት ስላለው ደርቆ ሳይጭር ቶሎ በእርጥብ ጨርቅ መነሣት አለበት። ፎይሉም ሲቆሽሽ ይጣላል፤ እኔ ለአንድ ፓራውልት ግማሽ ጥቅል ያህል ጨርሻለሁ። ኮካ ኮላ ከውኃ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። በውስጡ ፎስፎሪክ አሲድ ስላለ ዝገትን በመጠኑ ማላላቱ እውነት ነው፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ሞክሬ ግን ለዓይን የሚታይ ልዩነት አላየሁም፣ በኮካው በኩል ያተረፍኩት የሚያጣብቅ ስኳርና ጉንዳን ብቻ ነው።

ፎይሉ ያልበገራቸው ጥቂት ቦታዎች ነበሩ፤ በተለይ የኋላው ፓራውልት የታችኛው ጠርዝ ጎማው ጭቃ ሲረጭበት የኖረ ስለሆነ ዝገቱ ቅርፊት ሠርቶ ነበር። እዚያ ላይ አራት ዜሮ ቁጥር ያለውን፣ ከሁሉ የደቀቀውን የብረት ሱፍ ከጥቂት ቀጭን ዘይት ጋር ተጠቀምኩ። ከኩሽና የሚገኘው ሸካራ የሽቦ መፈግፈጊያ ፈጽሞ ለዚህ አይሆንም፤ አረንጓዴው የሳህን መፈተጊያም እንዲሁ፣ ምክንያቱም በውስጡ የተቀመጠው ደቃቅ ፈታጊ ክሮምን ለመጫር የሚያስችል ጥንካሬ አለው። አንድ ጊዜ በላቫጆ ልጁ የግራውን የመብራት ቀለበት በዚያው አረንጓዴ ፈትጎልኝ፣ ማታ የመንገድ መብራት ሲያርፍበት እስከ ዛሬ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ጭረት ይታይበታል። የብረት ሱፍ ከተጠቀማችሁ በኋላ ደግሞ ቦታውን በደንብ እጠቡት፤ ተሰብረው የሚቀሩት ደቃቅ የብረት ክሮች በማግሥቱ ራሳቸው ይዝጋሉ፣ ሥራውም ያልተሠራ ይመስላል።

እናቴ የነሐስ ዕቃዎቿን በአመድና በሎሚ ስታጸዳ ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ «አመድ እያለልህ ገንዘብህን ለምን ታባክናለህ?» ብላ ብትገስጸኝ አይገርምም። ነሐስ ግን እስከ ውስጡ ነሐስ ነው፤ ቢፋቅም ከሥሩ የሚወጣው ያው ነሐስ ነው። አመድ ውስጥ ደግሞ አሸዋና ያልተቃጠለ ነገር ስለማይጠፋ፣ ከማይክሮን ለሳሳ ሽፋን እጅግ ሻካራ ነው። የጥርስ ሳሙና ለቀላል ድብዘዛ ይሠራል፣ ለዝገት አይሠራም። በረኪናን በክሮም አጠገብ አታድርሱት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በረኪናንና ቀደም ብዬ የጠቀስኩትን አሲድ ያለበትን የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ በአንድ ባልዲ ወይም በአንድ ጨርቅ ላይ አታገናኙ፤ ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ። እኔ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለቱንም ጠርሙሶች ጎን ለጎን አስቀምጬ እንደ ነበር ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ውልወላው ራሱ ከዝግጅቱ ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው። በቱቦ የሚሸጠውን አውቶሶል የተባለ የጀርመን የብረት መወልወያ ቅባት ከሽንብራ ፍሬ በማይበልጥ መጠን በታጠበ አሮጌ ካናቴራ ላይ አድርጌ፣ በትንሽ በትንሹ ቦታ ክብ እየሠራሁ አሸሁና በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አነሣሁት። አንድ ዙር በቂ ነው፤ ቅባቱ ፈታጊ ነገር ስላለበት በየሳምንቱ የሚደረግ አይደለም፤ ጤነኛ ክሮም በዓመት አንድ ጊዜ ቢያገኘው እንኳ ብዙ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ለመኪና ቀለም የሚሸጠውን ተራ ሰም ስስ አድርጌ ቀባሁ፣ እስኪደበዝዝ ጠብቄ ወለወልኩ፣ በማግሥቱም ደገምኩት። ዝገቱ ተነሥቶ ጥቁር ነጥብ ሆነው የቀሩት ጉድጓዶች ውኃ እንዳይይዙ የሚከለክላቸው ይህ ሰም ብቻ ስለሆነ፣ እነርሱ ላይ በጣቴ ጫና እያደረግሁ ደጋግሜ ቀባኋቸው። ክሮሙ እንደ ቆዳ ተላጦ ጠርዙ የተነሣበት ቦታ ካለ ግን ጨርቅም ፎይልም እንዳትወስዱበት፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ጓንት ማድረግ ይገባል፣ በተሳበም ቁጥር ይበልጥ ይላጣል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የፓራውልቱን ጀርባ ነው፤ እኔም አዛውንቱ ባያስፈቱኝ ኖሮ እተወው ነበር። ቡሎኖቹ ከመዛጋቸው የተነሣ ማታ ማታ ዘይት እያጠጣሁ ሦስት ቀን ጠበቅኋቸው፤ ሁለቱ ግን ተሰበሩ። ፓራውልቱ ሲገለበጥ በፊቱ የሚያበራው ነገር በጀርባው ቅርፊት የተጣለበት ቀይ ብረት ነበር። ጀርባው ለዓይን ስለማይታይ የክሮም ልባጡ እዚያ ሳስቶ ይቀራል፤ ጭቃና እርጥበት የሚቀመጠውም በዚያው ነው፣ ብረቱን ከበስተኋላ በልቶ ፊቱን የሚያፈርሰውም ይኸው ዝገት ነው። በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት፤ ጀርባ ስለሆነ እዚህ ላይ ለክሮም መሳሳት አያስፈልግም። አቧራውን ጠርጌ ጸረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁ፣ በላዩም ተራ የብር ቀለም። አዲስ ቡሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ስገጥም ጥቂት ግራሶ ቀባኋቸው። ከስድስቱ ቅዳሜዎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ዋለ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመው ግን እርሱ ይመስለኛል።

በአሲድ ያበላሸሁትን የቸርኬ ክዳን እንደገና ክሮም ለማስለበጥ አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ አሮጌውን ልባጥ ማንሣት፣ ብረቱን ማስተካከል፣ መዳብና ኒኬል መልበጥ፣ ከዚያ ወደ ክሮሙ መሄድ ብዙ ድካምና ወጪ ነው። ለባሕላዊው ልባጥ የሚውለው ስድስት ቫለንት የሚባለው የክሮም ውሕድ ደግሞ ካንሰር አምጪ መርዝ ስለሆነ፣ በጓሮ በባልዲና በባትሪ የሚሞከር ነገር አይደለም። በምትኩ «ክሮም» ተብሎ የሚሸጥ ስፕሬይ ነፋሁበት፤ በመጀመሪያው ቀን መስተዋት መስሎ በሦስት ወሩ አመድማ ሆነ። ስሙ ምንም ይሁን ምን የብር መልክ ያለው ቀለም ነው እንጂ ክሮም አይደለም፤ በአኳራጅ አጥቤ አነሣሁት።

ብጉር ላወጡት የበር እጀታዎች መፍትሔ ያገኘሁት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ አሮጌ ዕቃ ስትመርጡ ከሻጩ ብርሃን ወጥታችሁ ወደ ፀሐዩ አዙራችሁ እዩት፤ ጥፍራችሁን በላዩ እየጎተታችሁ የሚያደናቅፍ ነገር እንዳለ ፈትሹ፣ ጀርባውንና የቡሎን ቀዳዳውን ዙሪያ ተመልከቱ፣ የልባጥ መላጥ ብዙ ጊዜ ከቀዳዳ ጠርዝ ነውና የሚጀምረው። ከፊት የደበዘዘና ብጉር የሌለበት ዕቃ፣ ከሚያብረቀርቅና ብጉር ከጀመረው ይሻላል፤ ድብዘዛ ይወለወላል።

የአዳዲስ መኪኖች ባለቤቶችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የታላቅ ወንድሜ ቶዮታ የፊት ጌጥ ክሮም ይመስላል፤ በጥፍር ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ግን የፕላስቲክ ነው። በፕላስቲክ ላይ የተለበጠ ክሮም አይዝግም፤ ስለዚህ ፎይልም ሆነ የብረት ሱፍ በላዩ ምንም ሥራ የላቸውም። የሳሙና ውኃ፣ ለስላሳ ጨርቅና ሰም ይበቁታል።

አሁን ሸራውን ጥዬ ለመኪናዋ በአራት ጎኑ ነፋስ የሚያስገባ የቆርቆሮ ጥላ ሠርቼላታለሁ። ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት መጨረሻ ሰም እቀባታለሁ፣ በሐምሌና በነሐሴ እደግመዋለሁ፣ ከዝናብ በኋላም ፓራውልቶቹን በደረቅ ጨርቅ አደርቃለሁ። ከጉድጓዶቹ ሁለት ወይም ሦስቱ በየክረምቱ ትንሽ ቡናማ ነገር ያሳያሉ፤ ፎይል ነክሬ በአንድ ደቂቃ አነሣዋለሁ። ያ በአሲድ ያበላሸሁት ክዳን አሁንም በቀኝ የኋላ ቸርኬ ላይ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ መኪናዋን የማቆማት ያ ጎኗ ወደ አጥሩ እንዲዞር አድርጌ ነው።